ዮሴፍ ስካሊገር፤ የዘመን ቍጥር ሊቅና የላይደን ቤተ መጻሕፍት ባለውለታ

ስለ ዘመን ቍጥር ባለው ዕውቀት ስሙ የገነነው ዮሴፍ ስካሊገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1540 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር አዠን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ከኢጣልያ የመጣ ሐኪምና ደራሲ ስለ ነበረ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ላቲን አስለመደው። አባቱ በ1558 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ወጣቱ ወደ ፓሪስ ሄዶ ጽርዕን በገዛ ጥረቱ ተማረ፤ ቀጥሎም ዕብራይስጥንና ዐረብኛን አጠና።

ስለ ዘመናት መታረም የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ በ1583 ዓ.ም. አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ የግሪክንና የሮማን ብቻ ሳይሆን የባቢሎንን፥ የግብጽን፥ የፋርስንና የአይሁድን አቈጣጠር እያስተያየ መረመረ፤ የኢትዮጵያንም ስሌት ከእነዚሁ ጋር አቀረበ። 28 ዓመት ያለውን የፀሐይ ዐውድ፥ 19 ዓመት ያለውን የጨረቃ ዐውድና ሮማውያን ለግብር ይቈጥሩበት የነበረውን 15 ዓመት አባዝቶ 7980 ዓመት የሆነ አንድ ዘመን አወጣ። የፊተኞቹ የሁለቱ ብዜት በባሕረ ሐሳብ የታወቀው የ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዛሬም ቀንን የሚቈጥሩት ከዚሁ ዘመን መነሻ ጀምረው ነው።

በሆላንድ በ1575 ዓ.ም. የተቋቋመው የላይደን ዩኒቨርሲቲ በ1593 ዓ.ም. ሲያስመጣው የማስተማር ግዴታ አልጣለበትም፤ በከተማው መኖሩ ብቻ እንደ ክብር ተቈጥሮለት ነበረ። ሆኖም በኋላ በሕግ ዕውቀት የታወቀውን ሁጎ ግሮቲዩስን የመሰሉ ወጣቶች ከእርሱ ብዙ ተምረዋል።

ስካሊገር ከቬሮና መሳፍንት ዘር ነኝ ይል ነበር። በ1607 ዓ.ም. ይህን የሚያፈርስ መጽሐፍ ሲወጣበት እጅግ አዝኖ መልስ ጻፈ፤ ነገር ግን የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች የዘር ሐረጉን እውነተኛ ሆኖ አላገኙትም።

ሚስትና ልጅ ስላልነበረው፥ በዕብራይስጥ፥ በሱርስት፥ በዐረብኛና በግዕዝ የተጻፉትን መጻሕፍቱን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተናዞ በጃንዋሪ 21 ቀን 1609 ዓ.ም. ዐረፈ። የቀሩት መጻሕፍቱ በዚያው ዓመት በሐራጅ ተሸጠው ተበተኑ። በ1610 ዓ.ም. የወጣ አንድ የታወቀ ሥዕል የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት በሰንሰለት እንደ ታሰሩ፥ የስካሊገርን ስጦታ ግን ለብቻው በተዘጋ ቁም ሣጥን እንደ ተቀመጠ ያሳያል።

ሊከላከልለት የደከመው የመሳፍንትነት ስም ከእርሱ ጋር ቀርቷል፤ በኑዛዜ ያስረከበው ንብረት ግን ከ400 ዓመት በኋላም በስሙ ተመዝግቦ በላይደን ይገኛል።