የጃኪ ኩጋን ገንዘብ

በዚህ እትም ከሞተ ረጅም ጊዜ የሆነውን የአሜሪካ የፊልም ተዋናይ የጃኪ ኩጋንን ሕይወት እናነሣለን። ከገዛ እናቱ ጋር ፍርድ ቤት ያቆመው ጉዳይ እኛንም እናቶችን ይመለከታል።

ጃኪ እ.ኤ.አ. በ1914 በሎስ አንጀለስ ተወለደ። አባቱ የመድረክ ሰው ስለነበር ልጁም ገና በሕፃንነቱ መድረክ ላይ ወጣ። ቻርሊ ቻፕሊን አይቶ ወደደውና በ1921 ለሕዝብ በቀረበው «ዘ ኪድ» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልም አብሮት አሠራው። ልጁ ከአሳዳጊው እጅ ሲነጠቅ የሚያለቅስበትን ቦታ ያዩ ብዙዎች አብረውት አለቀሱ። ከዚያ በኋላ አሻንጉሊት፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ሳይቀር በስሙ ይሸጥ ጀመር። በ1924 ደግሞ ለአርመንና ለግሪክ ወላጅ አልባ ሕፃናት እርዳታ ሲያሰባስብ ዞረ።

እያደገ ሲሄድ ግን ፈላጊው ቀነሰ። በ1935 አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ፤ በመኪናው ውስጥ ከነበሩት የተረፈው ጃኪ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት 21 ዓመት ሞላው። እናቱም የቤተሰቡን ሒሳብ ይይዝ የነበረውን ሰው አገባች። ጃኪ ገንዘቡን ቢጠይቅ ስላላገኘ በ1938 ሁለቱን ከሰሰ። በልጅነቱ ያገኘው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር፤ በመጨረሻ እጁ የገባው 126,000 ዶላር ገደማ ነው።

እናትየው የተከራከረችው ልጁ ካሜራ ፊት ሲጫወት ተደስቷል እንጂ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ አላሰበም በማለት ነው። የአገሩ ሕግም ያልደረሰ ልጅ ያገኘው የወላጆቹ ነው ይል ነበር። እኛን በስብሰባችን ብዙ ያነጋገረን ይህ ነው። ልጅ ራሱን የሚያየው ትልልቆቹ በነገሩት መጠን ነው። ጨዋታ ነው ካልነው ጨዋታ ይመስለዋል፤ ሲያድግ ግን ሥራ እንደነበር ይገባዋል።

በዚህ ክስ ምክንያት ካሊፎርኒያ በ1939 ከሕፃናት ተዋንያን ገቢ ከፊሉ እንዲቀመጥላቸው የሚያስችል ሕግ አወጣች፤ እስከ ዛሬ በጃኪ ስም ይጠራል። እርሱ ራሱ ግን አልደረሰበትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ተመለሰ፤ በ1960ዎቹ ራሱን ተላጭቶ በቴሌቪዥን የሚያስቅ አጎት ሆኖ እንደገና ታወቀ። በ1984 አረፈ።

ከመካከላችን ልጇ በሠርግ የሚዘፍን፣ በማስታወቂያ የሚታይ፣ ሱቅ የሚያግዝ አለች። ቸግሮን ልጁ ያመጣውን ለቤት ብናውለው እንኳ ስንት እንደሆነ እንጻፍለት፤ ሲሆንልን በስሙ የባንክ ደብተር እናውጣለት። የደከመበትንም ሥራ ነው ብለን እንንገረው።