እቴጌ ጣይቱ ብጡልና በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የቦታ ስሞች

የቦታ ስም አመጣጥን የሚመረምር ሰው የሰያሚውን ማንነት፣ የስያሜውን ዘመንና ምክንያቱን አንድ ላይ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። አዲስ አበባ ከእነዚህ ጥቂት ስሞች አንዷ ናት፤ ሰያሚዋ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸውና። ከተማይቱን የከበቧት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም። የልዩነቱ መነሻ በእቴጌይቱ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ይታያል።

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ሲሆን፣ አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። ቤተ መንግሥቱ በዚያ ዘመን መቀመጫውን ወደ እንጦጦ አዛውሮ ነበር። ተራራው ለጥበቃ ቢመችም ብርዱ ጽኑ፣ ማገዶውም ሩቅ ነበርና የፍል ውኃው ሜዳ የእቴጌይቱን ዓይን ሳበ። በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ሥፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ይህን ነገር የምኒልክ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መዝግበውታል።

ይሁን እንጂ ሥፍራው ከዚያ በፊት ስም አልባ አልነበረም። በነዋሪው የኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ዛሬም በኦሮምኛ ይኸው ስም ይሠራበታል። ስሙ ብዙ ጊዜ ከምንጭ ውኃ መፍለቅ ጋር ተያይዞ ይተረጎማል፤ ማን እንዳወጣውና መቼ እንደወጣ ግን የጻፈ የለም። አዲሱ ስም ጸሐፊ ባለው ቤተ መንግሥት ሲሰጥ፣ ነባሩ በአንደበት ብቻ ተላልፏል።

የሦስቱ ከተሞች ስም ዕጣም እንደ ፊንፊኔ ነው። ከእንጦጦ በስተሰሜን፣ ውኃው ወደ ሙገርና ወደ ዓባይ በሚወርደው ሜዳ ሱሉልታ ትገኛለች፤ በምዕራብ በገፈርሳ ግድብ አጠገብ ቡራዩ፣ በደቡብ ምዕራብ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ሰበታ አሉ። ቡራዩ በኦሮሞ ዘንድ የሰው ስምም ነው። ሰበታ ደግሞ በኦሮምኛ መቀነት ከሚባለው ነገር ስም ጋር በድምፅ ይቀራረባል። ጉለሌና ገላን የጎሣ ስሞች ሆነው ሳለ የቦታ ስም መሆናቸው፣ በአካባቢው ከሰው ወደ መሬት የሚሻገር ስያሜ እንደነበረ ያሳያል። ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የስያሜውን ጊዜ፣ የቀድሞውን አነባበብና የነዋሪውን ትውፊት አጣምሮ ማየት ያስፈልጋል።

ጣይቱ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ፤ ስመ መንግሥታቸውም ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተባለ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ዘመቱ፤ በመቀሌም የጣልያንን ምሽግ ውኃ በማስያዝ ይታወሳሉ። ምኒልክ ታመው ሥልጣኑ በእጃቸው ከገባ በኋላ በ1902 ዓ.ም. በመኳንንቱ አድማ ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ። ባለቤታቸው በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በጸሎት ኖሩ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሥልጣናቸው ከእጃቸው ቢወጣም ያወጡት ስም ጸንቶ ቀረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ስሞች ሰያሚ አለመጻፉ ስሞቹን ታሪክ አልባ አያደርጋቸውም፤ ክፍተቱን በግምት መሙላትም አያስፈቅድም። በነዋሪው አፍ ያለው ትውፊት ከነልዩነቱ በጊዜ ተመዝግቦ ሊመረመር ይገባል።