ሰር ዴቪድ ብሩስና የገንዲ ዝንብ

በአገራችን በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ባሉት ቆላዎች፥ በጊቤ፥ በዴዴሳ፥ በባሮና በኦሞ ሸለቆዎች፥ ከብትን አክስቶ የሚገድል ገንዲ የሚባል በሽታ አለ። ገንዲ በበረታበት ስፍራ መሬቱ ለም ሆኖ ሳለ የሚያርሰው በሬ አጥቶ ጦሙን ያድራል። በሬ የሌለው ገበሬ ምን እንደሚደርስበት ለአንባቢዎች መንገር አያሻኝም። ስለዚህ የዚህን በሽታ ምንጭ መርምሮ ያገኘውን የሰር ዴቪድ ብሩስን ታሪክ በአጭሩ ላቀርብላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱን የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ብሩስ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች በ1855 በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ ተወለደ። በአምስት ዓመቱ ወደ ስኮትላንድ ሄዶ በስተርሊንግ ከተማ ተማረ። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ገባ፤ በኋላ ግን ወደ ትምህርት ተመልሶ በ1881 ከኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። በ1883 ሜሪ ስቲልን አገባ፤ በዚያም ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሆነ።

በ1894 የናታል አገረ ገዥ በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው ወደ ዙሉላንድ ሄዶ ናጋና የሚባለውን የከብት በሽታ እንዲመረምር ጠየቀው። ባልና ሚስቱ በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ብዙ ቀን ተጉዘው ኡቦምቦ ከሚባል ተራራ ላይ ደረሱ። እዚያም በጭቃ በተመረገች ጎጆ ተቀመጡ፤ በረንዳዋም የምርመራ ክፍላቸው ሆነች።

ስለ ናጋና በዚያን ጊዜ ሁለት አሳብ ነበረ። ዙሉዎቹ በሽታው ከዱር አራዊት የሚመጣ ነው፤ አራዊቱ ሣሩንና ውሃውን ስለሚያበላሹት ከብቱ ይታመማል ይሉ ነበር። አውሮፓውያን ግን ፄፄ የሚባለው ዝንብ ራሱ መርዝ አለው ይሉ ነበር። ብሩስ ከሁለቱ አንዱንም ሳይንቅ ሁለቱንም በሥራ ለመፈተን ተነሣ።

አስቀድሞ የታመሙትን ከብቶች ደም በማይክሮስኮፕ ተመለከተና ጭራዋን እያወዛወዘች በደሙ ውስጥ የምትዋኝ ረቂቅ ነፍስ አየ። ይህች ትሪፓኖሶማ የምትባለው ናት። ቀጥሎም ጤነኛ ፈረሶችን ከተራራው ወደ ቆላው አውርዶ፥ ሣር እንዳይግጡ ውሃም እንዳይጠጡ ከልክሎ፥ ለጥቂት ሰዓት በዝንብ አስነደፋቸው። ወደ ተራራው ሲመለሱ ታመሙ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሣሩና የውሃው አለመሆኑ ታወቀ። ደግሞ ዝንቦችን ከቆላው ይዞ አውጥቶ በተራራው ላይ ጤነኛ ፈረስ አስነደፈ፤ እርሱም ታመመ። ነገር ግን ዝንቡ መርዝ ያለው ሳይሆን ረቂቋን ነፍስ ከደም ወደ ደም የሚያሻግር መሆኑን ተረዳ።

ዝንቡ ይህችን ነፍስ ከወዴት ያገኛት ነበር? ብሩስ የጎሽ፥ የአጋዘንና የድኩላ ደም ወስዶ ውሾችን ወጋ፤ ከውሾቹም የታመሙ ተገኙ። አራዊቱ ግን ነፍሲቱን በደማቸው ይዘው ሳለ ጤነኞች ይመስሉ ነበር። እንግዲህ ዙሉዎቹም አውሮፓውያኑም እያንዳንዳቸው የእውነቱን እኩሌታ ይዘው ኖሯል። በ1899 ሌሎች ሊቃውንት ነፍሲቱን በብሩስ ስም ትሪፓኖሶማ ብሩሴ ብለው ሰየሟት።

በ1903 ብሩስ ወደ ዩጋንዳ ተልኮ ሰውን የሚገድለው የእንቅልፍ በሽታም በፄፄ ዝንብ እንደሚተላለፍ አሳየ። ይሁን እንጂ ዝንቡ ነፍሲቱን እንደ መርፌ አድርሶ የሚያስገባት ብቻ ይመስለው ነበር። ክላይን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1909 ነፍሲቱ በዝንቡ ሆድ ውስጥ ብዙ ቀን ቆይታ እንደምትለወጥ አስረዳ። ብሩስም በበኩሉ ሞክሮ እውነት ሆኖ ስላገኘው ተቀበለው። እኔ ከምርመራዎቹ ሁሉ ይልቅ የማደንቅለት ይህንን ነው፤ የሌላውን እውነት መቀበል ለሊቅ ሰው ይከብዳልና።

ግኝቱ ግን መራራ ፍሬም አፈራ። በዙሉላንድ ከብቱን ለማዳን ተብሎ በኋለኞቹ ዓመታት ብዙ ሺህ የዱር እንስሳ በጥይት ተፈጀ። ከዝንቡ ዘሮች ዋነኛው ከዚያ አገር የጠፋው በመጨረሻ በፀረ ተባይ መድኃኒት ነው። ዛሬ መድኃኒት በተነከረ ሰማያዊ ጨርቅና በወጥመድ ዝንቡን መቀነስ ስለሚቻል፥ በሬውን ለማዳን አጋዘኑን መግደል ግድ አይደለም።

ሜሪ በማይክሮስኮፕ ሥራም ሆነ ሥዕል በመሣል ዘወትር ረዳቱ ነበረች። በኅዳር ወር 1931 ዐረፈች፤ እርሱም ከአራት ቀን በኋላ፥ እርስዋ በምትቀበርበት ሰዓት፥ በለንደን ሞተ። ሥራው የሚነሣ ከሆነ ምስጋናው የእርስዋም መሆኑ እንዲታወቅ ተናዝዞ እንደ ነበረ ይነገራል።

አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። የቆላ ገበሬ ስለ ከብቱ በሽታ የሚናገረውን የምንሰማ ተማሪዎች፥ ተረት ነው ብለን አንናቀው፤ እውነት ነው ብለንም ሳንመረምር አንቀበለው። ብሩስ ሁለቱንም ሰምቶ ራሱ ወደ ቆላው ስለ ወረደ ነው እውነቱን ያገኘው።