የፌዝ ሥዕል ሠሪው ኦኖሬ ዶሚዬ

ከመካከላችሁ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የመምህሩን አፍንጫ አስረዝሞ ወይም የጓደኛውን ጆሮ አግዝፎ ሥሎ የማያውቅ ተማሪ ይኖራል ብሎ መገመት ያስቸግራል። ይህን መሰሉ ሥዕል ካሪካቸር ወይም የፌዝ ሥዕል ይባላል። የአንድን ሰው መልክ፣ አቋም ወይም ጠባይ ለይቶ የሚያሳውቀውን ነገር ያጎላል፤ ሌላውን ያሳንሳል ወይም ይተዋል። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ አፍንጫ ማስረዘም ማንን ያቅታል? ዳሩ ግን የረዘመው አፍንጫ የማን እንደ ሆነ ተመልካች ሁሉ በአንድ እይታ እንዲያውቀው፣ ዐውቆም ስለ ሰውየው ሥራ እንዲያስብ ማድረግ የብዙ ዓመት ትምህርት ይጠይቃል። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ይህን ሙያ አርባ ዓመት ያህል ሲማርና ሲሠራ ስለኖረ አንድ ፈረንሳዊ ሰዓሊ ነው። በምንባቡ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኦኖሬ ዶሚዬ በ1808 በደቡብ ፈረንሳይ በማርሴይ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የመስኮት መስታወት እየገጠመ የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ነበር። ነገር ግን ልቡ ያለው ከመስታወቱ ሳይሆን ከግጥሙ ላይ ነበርና፣ በ1814 በባለቅኔነት ስም ለማትረፍ ወደ ፓሪስ ሄደ። ቤተሰቡም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለው። ግጥሙ ግን እንጀራ ሊሆን አልቻለም። ስለዚህ ልጁ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ ተቀጥሮ መሥራት ግድ ሆነበት። በመጀመሪያ ለአንድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ ተላላኪ ሆነ፤ ቀጥሎም ፓሌ ሮያል በተባለው የፓሪስ ሰፈር በአንድ መጻሕፍት ቤት ገባ። በፍርድ ቤቱ አካባቢ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው የሚመላለሱትን ጠበቆችና ፊታቸው በጭንቀት የጠቆረውን ባለጉዳዮች አየ። በመጻሕፍት ቤቱ ደጃፍ ደግሞ የሚያልፈውንና የሚያገድመውን የከተማ ሰው ሁሉ ተመለከተ። ያየው ነገር ምን እንደሚጠቅመው በዚያን ጊዜ ላያውቅ ይችላል። እናንተ ግን ልብ በሉት፤ በኋላ ይመለስበታል።

ልጁ ከሥዕል በቀር ሌላ ሙያ አልፈልግም ስላለ፣ በ1822 ገደማ አሌክሳንደር ለኗር ከተባለ ሰው ዘንድ ትምህርት ጀመረ። ለኗር ጥንታዊ ሐውልቶችን ከጥፋት በማዳን የታወቀ ነበር። ከዚያም ዶሚዬ አካዴሚ ስዊስ ወደሚባለው የመለማመጃ ቤት እየሄደ የሕያው ሰውን አቋም መሣል ተለማመደ፤ ሉቭር በተባለው ሙዚየም የሚገኙትን የድንጋይ ምስሎችም እየተዘዋወረ አጠና። እንጀራውን ያገኘው ግን ከዚህ ሁሉ ሳይሆን ከአንድ አዲስ የኅትመት ጥበብ ነው።

ይህ ጥበብ ሊቶግራፊ ወይም የድንጋይ ኅትመት ይባላል። ሰዓሊው በሚገባ በተስተካከለ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሥላል። ድንጋዩ ከተዘጋጀ በኋላ በውሃ ይርሳል፤ የኅትመት ቀለም ሲቀባበት ቀለሙ ከውሃው ሸሽቶ ቅባቱ ባለበት ብቻ ይጣበቃል፤ ወረቀት ተጭኖበት ሲነሣም ሥዕሉ ይታተማል። በዚህ ዐይነት ከአንድ ድንጋይ ብዙ ቅጂ ይገኛል። ታዲያ በድንጋዩ ላይ ግራ የነበረው በወረቀቱ ላይ ቀኝ ሆኖ ስለሚወጣ ሰዓሊው ሁሉን ገልብጦ ማሰብ አለበት። የተሳሳተውን እንደ እርሳስ ጽሑፍ በላጲስ አጥፍቶ መቀጠልም አይሆንለትም። እጅ የሚፈታው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ዶሚዬ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ይህን ሙያ ለምዶ ለአሳታሚዎች መሥራት ጀመረ።

በ1830 በፓሪስ ሕዝብ ተነሥቶ ንጉሡን ሲያወርድ ሉዊ ፊሊፕ የተባለ ሌላ ንጉሥ ዙፋኑን ያዘ። አዲሱ መንግሥት የጋዜጦችን ነጻነት እንደሚያከብር ቃል ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሻርል ፊሊፖን የተባለ አሳታሚ ላ ካሪካቱር የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ለ ሻሪቫሪ የሚባል ዕለታዊ ጋዜጣ አቋቋመ። ፊሊፖን ራሱ ሰዓሊ ነበር፤ የንጉሡ ፊት ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ብሎ ፒር የተባለውን ፍሬ እንደሚመስል ያሳየውም እሱ ነው። ፒርን ያላየ ተማሪ ቅልን ያስብ። ዶሚዬ ከዚህ ሰው ጋር ሲገናኝ ሙያውን ብቻ ሳይሆን የሚሥልበትንም ምክንያት አገኘ።

በ1831 መጨረሻ ገደማ ዶሚዬ ጋርጋንቱዋ የሚል ሥዕል አወጣ። ጋርጋንቱዋ በጥንት የፈረንሳይ ልብ ወለድ ውስጥ የሚገኝ በልቶ የማይጠግብ ግዙፍ ፍጡር ነው። በሥዕሉ ላይ ንጉሡ በትልቅ ወንበር ተቀምጧል፤ ጥቃቅን ሰዎች ከድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ በቅርጫት ተሸክመው በረጅም ሳንቃ ላይ እየወጡ ወደ አፉ ይጨምራሉ፤ ከወንበሩ ሥር ደግሞ ለባለሟሎቹ ሹመትና ሽልማት ይወርዳል። ፍርድ ቤቱ ዶሚዬን በስድስት ወር እስራትና በ500 ፍራንክ መቀጫ ቀጣው። ቅጣቱ ለጊዜው ሳይፈጸም ቢቆይም ሰዓሊው ከሥራው ስላልታቀበ፣ በ1832 ነሐሴ ማብቂያ ላይ ተይዞ ሴንት ፔላዢ ወደተባለው ወኅኒ ቤት ተወሰደ። ከዚያ ሆኖ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ በእስር ቤት ከቤቱ ይልቅ አብልጦ እንደሚሠራ፣ እስረኞቹም መልካችንን ሣልልን እያሉ እንደሚያጣድፉት ገልጾለታል። ከእስሩ የወጣው በ1833 መጀመሪያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ይገባል። ጋርጋንቱዋ ደፋር ሥዕል ነው፤ ታላቅ ሥዕል ግን አይደለም። ቅርጫቱ፣ ሳንቃው፣ የሚወርደው ወረቀት ሁሉ ተደርድሮ ሐሳቡን በጣት ቆጥሮ ያስረዳል እንጂ ፊቱ ራሱ ብዙ አይናገርም። ዶሚዬ ራሱን ያሻሻለበት መንገድ ይህን ጉድለት የሚሞላ ነበር። ከ1832 ጀምሮ የምክር ቤት አባላትንና የሌሎችን የመንግሥት ሰዎች ራስ ከጭቃ እያድቦለቦለ መሥራት ያዘ። ምስሎቹ ቁመታቸው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፤ በእሳት አልተተኰሱም፤ ከደረቁ በኋላ ቀለም ተቀብተዋል። የጭቃውን ራስ ወዲህና ወዲያ ማዞር ይቻላልና፣ ዶሚዬ የአንድ ሹም ጉንጭ በየትኛው በኩል እንደሚንጠለጠል፣ ጥላውም የት ላይ እንደሚወድቅ ከዚያ እያየ በድንጋዩ ላይ ይሥል ነበር። በአንዱ ራስ ላይ የሚታየው ትዕቢት ነው፤ በሌላው ላይ እንቅልፍ፤ በሌላው ደግሞ ጥርስ የሌለው አፍ የሚስቀው ሳቅ። (ስለ ሰው መልክ ድርሰት ጻፉ ስትባሉ ረጅም፣ ቀይ፣ ሸንቃጣ እያላችሁ ቅጽል የምትደረድሩ ተማሪዎች ይህን ቦታ ደግማችሁ ብታነቡት አይከፋም።) በ1834 ሹማምንቱ በምክር ቤታቸው ተደርድረው ሲያንቀላፉና ሲያንሾካሹኩ የሚያሳየው ትልቅ ሥዕል የወጣው ከዚህ ልምምድ ነው።

በዚያው በ1834 አፕሪል በፓሪስ ዐመፅ ተነሣ። አፕሪል 15 ቀን ወታደሮች ትራንስኖኔን በተባለው መንገድ ከሚገኝ አንድ ቤት ተተኩሶብናል ብለው ገብተው ነዋሪዎቹን ፈጁ። ዶሚዬ ይህን ሣለ። በአንድ ጠባብ መኝታ ክፍል ውስጥ የሌሊት ልብስ የለበሰ ሰው ከተዘበራረቀ አልጋ ሥር ወድቋል። ከሥሩ የደም ጨቅላ ሕፃን ራስ ይታያል። በጨለማው በኩል የሴት አስከሬን፣ በሥዕሉ ጠርዝ የአንድ ሽማግሌ ራስ አለ። ወታደር የለም፤ ጠመንጃ የለም፤ የተጋነነ አፍንጫም ሆነ የተንጠለጠለ ጉንጭ የለም። ማጋነን እንጀራው የሆነ ሰው፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ማጋነን የማይገባበትን ቦታ ለይቶ ዐወቀ። በሙያው ውስጥ ከዚህ የሚከብድ ትምህርት ያለ አይመስለኝም። ሥዕሉ የወጣው የጋዜጣውን መቀጫ ለመክፈል በየወሩ ለደንበኞች ይሸጡ ከነበሩት ትልልቅ ኅትመቶች ጋር ነው። ፖሊስም ያገኘውን ቅጂ ሁሉ ለቅሞ ወሰደ፤ ዛሬ የተረፉት ጥቂት ናቸው።

በ1835 መስከረም መንግሥት ማንኛውም ሥዕል ከመታተሙ በፊት እንዲመረመር የሚያዝ ሕግ አወጣ። ላ ካሪካቱር ተዘጋ። ንጉሡንና ሹማምንቱን መሣል ስለተከለከለ ዶሚዬ ፊቱን ወደ ከተማው ሰው መለሰ። ሮቤር ማኬር የተባለውን የቲያትር አጭበርባሪ አንዴ ባንክ ከፋች፣ አንዴ ሐኪም፣ አንዴ ጠበቃ እያደረገ ከ1836 እስከ 1838 መቶ ሥዕሎች አወጣ። ከሥዕሎቹ ሥር ያለውን ጽሑፍ የሚጽፈው ፊሊፖን ነበር። ከዚያ በኋላም የሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ይታከልበት ነበርና፣ ዶሚዬ ቃል ሳይጠብቅ በእጅ፣ በትከሻና በወገብ አጣጣፍ የሚናገር ሥዕል መሥራት ነበረበት። ከ1845 ጀምሮ ደግሞ የሕግ ሰዎችን ሣለ። በሸንጎ ፊት ካባውን እንደ ክንፍ ዘርግቶ የሚያለቅሰውና ወዲያው ከሸንጎ ሲወጣ ከባላጋራው ጠበቃ ጋር የሚሳሳቀው ሰው፣ ተላላኪው ልጅ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ያየው ሰው ነው። ዶሚዬ ሞዴል አስቀምጦ የሚሥለው አልፎ አልፎ ነበር፤ መዝገቡ ትዝታው ነበር።

ዕለታዊ ጋዜጣ የሚጠብቅ አይደለም። ዶሚዬ በሕይወቱ 4000 ያህል የድንጋይ ኅትመቶች ሠርቷል፤ ሁሉም እኩል ናቸው ማለት አይቻልም፤ በችኮላ የተሠሩ፣ የቀድሞውን የሚደግሙ አሉባቸው። በ1860 ለ ሻሪቫሪ አሰናበተው። በዚህ ጊዜ ለብዙ ዓመታት በትርፍ ሰዓቱ ብቻ ይይዘው ወደነበረው የቀለም ሥዕል ዞረ፤ የባቡር ተሳፋሪዎችን፣ የልብስ አጣቢዋን ሴትና ጠበቆቹን ሣለ። ገዥ ግን ጥቂት ነበር። ወደ ጋዜጣው ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ሲመለስ እጁ ተለውጧል። በ1870 እና በ1871 ስለ ጦርነቱ የሣላቸውን ሥዕሎች ከወጣትነቱ ሥራዎች ጎን ብታስቀምጧቸው፣ ቀድሞ በጥላና በብርሃን ሞልቶት የነበረው ድንጋይ አሁን በጥቂት የተፈቱ መስመሮች ብቻ እንደሚናገር ታያላችሁ። በ1870 መንግሥት ሊሰጠው ያሰበውን የክብር ኒሻን አልቀበልም አለ።

ከዚህ በኋላ ዐይኑ እየደከመ ሄደ፤ በ1872 የጋዜጣ ሥራውን አቆመ። ኑሮው ቫልሞንዷ በተባለች የገጠር መንደር ነበር፤ ካሚ ኮሮ የተባለው ሰዓሊ ወዳጁ በቤት ጉዳይ እንደረዳው ይነገራል። በ1878 ወዳጆቹ ደራሲው ቪክቶር ሁጎ በክብር ሊቀ መንበርነት የተሰየመበት ኮሚቴ አቋቁመው የቀለም ሥዕሎቹን በፓሪስ ለሕዝብ አሳዩ። ተመልካቹ ወጪውን እንኳ የሚሸፍን አልሆነም። ዶሚዬ በ1879 ፌብሩዋሪ በቫልሞንዷ ዐረፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዐፅሙ ወደ ፓሪስ ተወስዶ ከኮሮ መቃብር አጠገብ ተቀበረ።

ያልተተኰሱት የጭቃ ራሶች ጥቂት በጥቂት ተሰነጣጠቁ፤ ገሚሶቹም ጠፉ። የቀሩት 36 በፓሪስ በኦርሴ ሙዚየም ይገኛሉ።