ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም
ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (1876–1969 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ፖለቲከኛ፣ ዲፕሎማትና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። «ፋቡላ» የተባለው ሥራቸው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ነው።

በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ለረቂቁ የጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ሆኗቸዋል። ሕገ መንግሥቱ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የላይኛው፣ ማለትም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንትና በሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ።

በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ አባላትን የመምረጥ መብት ሲያገኝ፣ የሕግ መወሰኛው ግን በሹመት ቀጠለ። ምክር ቤቱ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ በደርግ እስኪበተን ድረስ አንድም አባል በሕዝብ ድምፅ አልገባበትም።

ተክለ ሐዋርያት በጣልያን ወረራ ዋዜማ ኢትዮጵያን ወክለው በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ተከራክረዋል።