ከዋክብትን ሲያይ የኖረው የሰፊው ሸራ አባት፤ አንሪ ክሬትየን

በሲኒማ ቤት የተቀመጠ ተመልካች ሸራው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ፣ ፈረሰኛው ከአንዱ ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ሌላው ጠርዝ ሲጋልብ ባየ ጊዜ ይደነቃል እንጂ፣ ይህን ያህል ስፋት ያለው ሥዕል ከምን ዓይነት ፊልም ላይ እንደ ወጣ አይጠይቅም። ፊልሙ ግን ከቀድሞው አልሰፋም፤ ወርዱ ያው 35 ሚሊ ሜትር ነበር። ሥዕሉ በካሜራው ፊት በተደረገ መነጽር ከግራና ከቀኝ ተጨምቆ ይገባል፤ በሲኒማ ቤቱም በፕሮጀክተሩ ፊት በተደረገ ሌላ መነጽር ተመልሶ ይዘረጋል። እንዲህ ያለውን ፊልም በእጁ ይዞ ወደ ብርሃን አቅንቶ የተመለከተ ሰው፣ ሰዎቹ ሁሉ ቀጫጭንና ረጃጅም፣ የመኪናውም ጎማ እንደ ቆመ ዕንቍላል ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ዓይነቱ መነጽር አናሞርፊክ ይባላል።

ለሲኒማ ያበቃው ሰው የሲኒማ ሰው አልነበረም። ሌሊት ሌሊት ሰማይን ሲመለከት የኖረ አንሪ ክሬትየን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነበር። ዛሬ ወጣቶች በትናንሽ ካሜራዎች እንዲህ ባለ መነጽር ቪዲዮ ሲያነሡ የሚገጥማቸው ችግር፣ የችግሩም መፍትሔ፣ ከዚህ ሰው ሙያ ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከዚህ ቀጥለን እንተርካለን፤ የዘመኑ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ክሬትየን በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1879 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ልቡ ወደ ሥነ ፈለክ አዘነበለና ከጊዜ በኋላ በደቡብ ፈረንሳይ በኒስ ከተማ በላይ በሚገኘው የከዋክብት መመልከቻ ሠራተኛ ሆነ። ይህ ቦታ ሕንጻውን ሻርል ጋርኒዬ የነደፈው፣ ትልቁን የብረት ጉልላቱን ደግሞ በፓሪስ ግንብ ስሙ የታወቀው ጉስታቭ ኤፌል የሠራው ነው። ወጣቱ ሊቅ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር ተላከ፤ በ1910 ዓ.ም. ገደማም በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በዊልሰን ተራራ ላይ ሲሠራ ጆርጅ ሪቺ ከሚባል አሜሪካዊ የመስተዋት ባለሙያ ጋር ተዋወቀ።

ሁለቱ ሰዎች እጅና አእምሮ ሆኑ ለማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን በትልልቅ ቴሌስኮፖች ሰማይ ሲነሣ በፎቶግራፉ መካከል ያሉት ከዋክብት እንደ ነጥብ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ በዳር ያሉት ግን ጅራት እንደ አወጡ ሆነው ይበላሻሉ። ሪቺ መስተዋት በመሞረድ ወደር ያልነበረው ሰው ሲሆን፣ ክሬትየን ደግሞ የብርሃኑን መንገድ በወረቀት ላይ እያሰላ ሁለቱ መስተዋቶች ምን ዓይነት ጕብጠት ቢኖራቸው የዳሮቹ ከዋክብት ጅራታቸው እንደሚጠፋ ደረሰበት። ስሌቱን በ1922 ዓ.ም. አሳተመ፤ የመጀመሪያውንም መሣሪያ ሪቺ በ1927 ዓ.ም. ሠራው። የሪቺና የክሬትየን ቴሌስኮፕ የሚባለው ይህ ነው። በ1990 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የወጣው፣ የመስተዋቱ ወርድ 2.4 ሜትር የሆነው የሃብል ቴሌስኮፕም በዚሁ ንድፍ የተሠራ ነው። የሃብል መስተዋት በጠርዙ በኩል ሁለት ማይክሮን ያህል ከልክ በላይ ተሞርዶ ሥዕሉ ሁሉ ደብዝዞ እንደ ነበረና በ1993 ዓ.ም. ጠፈርተኞች ወጥተው ማረሚያ መሣሪያ እንዳደረጉለት ብዙ ሰው ሰምቷል። ስሕተቱ ግን መስተዋቱን ለመፈተሽ በተሠራው መለኪያ ላይ የነበረ ነው እንጂ በክሬትየን ስሌት ላይ አልነበረም።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሊቁ ከከዋክብቱ ወርዶ ለአየር ኀይል ሠራ፤ ለአውሮፕላን መትረየስ ማነጣጠሪያ የሚሆን መሣሪያም በስሙ ተጠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ የኦፕቲክስ ትምህርት ቤት ሲቋቋም ከመሥራቾቹና ከመምህራኑ አንዱ ሆነ፤ መነጽርን ስለ ማስላት የጻፈው መጽሐፍም ለተማሪዎቹ የዕለት ጓደኛ ነበር። ዛሬ በየመንገዱ ዳር የመኪና መብራት ሲያርፍባቸው ብርሃኑን ወደ መጣበት የሚመልሱትን ማንጸባረቂያዎች በመፍጠርም ስሙ ይነሣል።

አሁን ወደ ሲኒማው እንመለስ። በ1927 ዓ.ም. አቤል ጋንስ የተባለ ፈረንሳዊ ስለ ናፖሌዎን በሠራው ፊልም የጦሩን ብዛት በአንድ ሸራ መግለጽ አልበቃው ብሎ ሦስት ሸራ ጎን ለጎን አቁሞ በሦስት ፕሮጀክተር አሳየ። ሕዝቡም ተደነቀ። ይሁን እንጂ ሦስት መሣሪያ በአንድ ጊዜ እኩል ማስኬድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሲኒማ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ክሬትየን ግን ያን ሁሉ ስፋት በአንድ ፊልም ላይ ለማስገባት ይቻላል ብሎ አሰበ። ብርሃንን ወደ ጎን ብቻ የሚያጥፉ፣ ከላይ ወደ ታች ግን የማይነኩ ሲሊንደር የሚመስሉ መነጽሮችን አጣምሮ ሥዕሉን በእጥፍ የሚጨምቅ መሣሪያ ሠራ፤ ስሙንም ኢፔርጎናር አለው። በዚያው በ1927 ዓ.ም. ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበው። በሲሊንደር መስተዋት ሥዕልን መጨመቅ ከእርሱ በፊትም የታወቀ ነበር፤ እርሱ ግን ለሲኒማ የሚበቃ ጥራት ሰጠው።

ክሎድ ኦታን ላራ የተባለ ወጣት የፊልም ሠሪ በዚህ መነጽር ከጃክ ለንደን ድርሰት የተወሰደ አንድ አጭር ፊልም ሠርቶ በ1930 ዓ.ም. በፓሪስ አሳየ። የበረዶውን ሜዳ በወርድ፣ ረጃጅሙን ዛፍ ደግሞ በቁመት አድርጎ ስላሳየ አዲስ ነገር ነበር። ዳሩ ግን ዘመኑ ሲኒማ መናገር የጀመረበት ስለ ነበረ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ገንዘባቸውን በድምፅ መሣሪያ ላይ አዋሉት፤ ሸራ ለማስፋት የሚተርፋቸው አልነበረም። ያም ፊልም ዛሬ ጠፍቷል። በ1937 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ኢፔርጎናር ወርዱ 60 ሜትር፣ ቁመቱ 10 ሜትር በሆነ ሸራ ላይ ሥዕል ዘርግቶ ነበር። ሆኖም ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ እርሱም ተረሳ። የፈጠራ መብቱም ዘመኑ አለፈበት። ይህ መሣሪያ ከአንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር እጅ ላይ ቀረ። አንድ ሥራ መልካም ስለ ሆነ ብቻ ወዲያው ፈላጊ ያገኛል ብሎ ለሚያስብ ወጣት ይህ የሚያሳዝን ታሪክ ነው።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከየሰዉ ቤት ገብቶ ሲኒማ ቤቶች ባዶአቸውን መቅረት ጀመሩ። በ1952 ዓ.ም. ሲኔራማ የተባለው ባለ ሦስት ፕሮጀክተር ሲኒማ በኒው ዮርክ ተከፍቶ ሕዝቡ በሰልፍ ሲገባ፣ ትወንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ የተባለው ኩባንያ በአንድ ፕሮጀክተር ይህንኑ የሚሠራ ዘዴ ፍለጋ ወጣ። ያን ጊዜ ክሬትየንን ያስታወሰው ተገኘ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ስፓይሮስ ስኩራስ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ራሱ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ የ73 ዓመቱን ሊቅ አገኘውና አሮጌዎቹን መነጽሮች ይዞ ተመለሰ። ሲኒማስኮፕ የሚለው ስም ወጣላቸው። ወታደሮች ዕጣ ስለ ተጣጣሉበት ስለ ክርስቶስ ልብስ የሚተርከው «ዘ ሮብ» የተባለው ፊልም መነሣት የጀመረው በእነዚሁ በክሬትየን መነጽሮች ነው፤ በሴፕቴምበር 16 ቀን 1953 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታየ። በተከታዩ ዓመት ክሬትየን ከፎክስ ባለሙያዎች ጋር የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የሳይንስና የቴክኒክ ሽልማት ተሰጠው።

እዚህ ላይ ግን ከክብሩ ጋር አንድ ጕድለት ተገለጠ፤ ጕድለቱም ጥቂት ቆም ብለን ልንመለከተው የሚገባ ነው። የከዋክብት ተመራማሪ የሚመለከተው ነገር ሁሉ ሩቅ ነው። ከኮከብ የሚመጣው ብርሃን እንደ ተዘረጋ ክር ርስ በርሱ ሳይሰፋና ሳይጠብ ወደ መስተዋቱ ይገባል። አናሞርፊክ መነጽርም ባሕርዩ እንዲሁ ነው፤ ተራራውን፣ ሜዳውን፣ የሩቁን ሠራዊት አሳምሮ ያያል። ተዋናይዋ ወደ ካሜራው ቀርባ ሁለት ሜትር ላይ ስትቆም ግን ነገሩ ይለወጣል። ከቅርብ የሚመጣ ብርሃን እየተበተነ ይገባል፤ ሲሊንደሩም ወደ ጎን ብቻ የሚያጥፈው ስለ ሆነ፣ ቋሚው መስመር በአንድ ቦታ፣ አግዳሚው መስመር በሌላ ቦታ ጥርት ይላል። ስለዚህ የካሜራው ረዳት ሁለት ቀለበት ማዞር ነበረበት፤ አንዱ የካሜራውን ሌንስ፣ ሁለተኛው በፊቱ ያለውን አናሞርፊክ ፎከስ ለማድረግ ነው። ተዋናይዋ ስትራመድ ሁለቱ እኩል ካልሄዱ የበሩ መቃን ጥርት ብሎ ሳለ የሴትዮዋ ከንፈር ይደበዝዛል።

ሌላም አለ። ሰው በቀረበ ቍጥር መነጽሩ የሚጨምቀው መጠን ይቀንሳል፤ በፕሮጀክተሩ ፊት ያለው መነጽር ግን ሁልጊዜ በእጥፍ ይዘረጋል። ለምሳሌ በካሜራው 1.8 ጊዜ ብቻ የተጨመቀ ፊት በሸራው 2 ጊዜ ሲዘረጋ ከመቶ 11 እጅ ያህል ይወፍራል። የሆሊውድ ሰዎች ይህን የሲኒማስኮፕ ጆሮ ደግፍ ብለው ሰየሙት። በውበታቸው የሚኖሩ ተዋንያን ጕንጫቸው አብጦ ሲታይ ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያዳግትም። ፓናቪዥን የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው ሮበርት ጎትሻልክ በ1950ዎቹ መጨረሻ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ደካማ ሲሊንደሮችን ከሌንሱ ውስጥ አግብቶ ፊቱ እንዳይወፍር አደረገ፤ ፎክስም ራሱ በ1967 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹን የሲኒማስኮፕ ፊልሞች ካወጣ በኋላ ያን ስም ተወው።

ለተማሪና በአነስተኛ ገንዘብ ቪዲዮ ለሚያነሣ ሰው ግን የሚስማማው ሌላው መንገድ ነው፤ እርሱም ዲዮፕተሩ የሚለዋወጥ የፎከስ ማድረጊያ መሣሪያ ነው። ዲዮፕተር ማለት የዐይን መነጽር የምናሠራበት ሱቅ ቍጥር የሚለው ነው። አንድ ሜትር ላይ ያለውን ነገር ሩቅ ለማስመሰል ባለ 1 ዲዮፕተር መነጽር ያስፈልጋል፤ ሁለት ሜትር ላይ ላለው ግማሽ፣ አራት ሜትር ላይ ላለው ሩብ ይበቃል። ተዋናዩ በተራመደ ቍጥር መነጽር መለወጥ ስለማይቻል መሣሪያው እኩል ጕልበት ያላቸውን ሁለት መነጽሮች ይይዛል፤ አንዱ ብርሃንን ይሰበስባል፣ ሌላው ይበትናል። ሲነካኩ አንዱ የአንዱን ሥራ ያፈርስና እንደ ተራ መስተዋት ይሆናሉ። ቀለበቱ ዞሮ ሲራራቁ ግን የመሰብሰብ ኀይል ያገኛሉ። እያንዳንዳቸው ባለ 5 ዲዮፕተር ቢሆኑ፣ ሁለት ሜትር ላይ የቆመን ሰው ፎከስ ለማድረግ መራራቅ ያለባቸው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ለሚጠጋ ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ የመሣሪያው ብልሃት ይህ ነው። የቅርቡ ፊት ብርሃን በእነዚህ ሁለት መነጽሮች ካለፈ በኋላ ከኮከብ እንደ መጣ ሆኖ ወደ አናሞርፊኩ ይገባል። አናሞርፊኩም የካሜራው ሌንስም ወሰን በሌለው ርቀት ላይ ታስረው ይቀመጣሉ፤ የሚዞረው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። መጨመቂያው ሁልጊዜ የሩቅ ብርሃን ስለሚያገኝ የሚጨምቀው መጠን አይለወጥም፣ ጆሮ ደግፉም አይመጣም። ኢስኮ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኢስኮራማ በተባለው መነጽሩ ውስጥ ይህንኑ ዘዴ አብሮ ሠርቶታል፤ በቅርብ ዘመን ደግሞ በአሮጌ የፕሮጀክተር አናሞርፊክ ፊት የሚታሰሩ ለብቻቸው የሚሸጡ መሣሪያዎች ወጥተዋል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በቅድሚያ የካሜራውን ሌንስ በሩቅ መብራት ወይም በተራራ ጫፍ ላይ አስተካክሎ ማሰር ይገባል፤ በሌንሱ ላይ የተጻፈውን ምልክት ብቻ ማመን አይበቃም። ቀጥሎ አናሞርፊኩ ይታሰራል፤ ጥቂት እንኳ ዘመም ካለ የስልክ እንጨቱ ሁሉ ያጋደለ ይመስላል። መለዋወጫው መጨረሻ ላይ ይገባል። ከእነዚህ አንዱ በትክክል ካልተቀመጠ ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ርቀት ሁሉ ሐሰት ነው። የፊተኛው መስተዋት ትልቅና ከባድ ስለ ሆነ ማቀፊያ ያስፈልገዋል፤ ሰፊ በሚያይ ሌንስ ላይ ከተደረገም ማዕዘኖቹ ይጨልማሉ።

አንሪ ክሬትየን በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ልደቱ ካለፈ በአምስተኛው ቀን፣ በዋሽንግተን ከተማ ዐረፈ። ዕድሜው 77 ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በጨረቃ ላይ ላለ አንድ ትልቅ ጕድጓድ ስሙን ሰጥተውታል፤ ጕድጓዱ የሚገኘው ከምድር በማይታየው የጨረቃ ጀርባ ነው።