የጄምስ ዋት ሕይወትና የእንፋሎት መኪና

የእንፋሎት ኃይል ነገር በተነሣ ቍጥር ብዙ ጊዜ የሚወራው የማንቈርቈሪያው ታሪክ ነው። ጄምስ ዋት የሚባል የስኮትላንድ ልጅ እሳት ዳር ተቀምጦ የማንቈርቈሪያው ክዳን በእንፋሎት ሲነሣና ሲወድቅ አየ፤ ከዚያም የእንፋሎትን መኪና ፈጠረ ይባላል። የሰውዬውን ሕይወት መርምረን ስናየው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ኾኖ አላገኘነውም። ዋት ከመወለዱ 24 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1712 ዓ.ም.፣ ቶማስ ኒውኮመን የሚባል እንግሊዛዊ የእንፋሎት መኪና ሠርቶ ከከሰል ጕድጓድ ውኃ ያስቀዳበት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ኹሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) እንግዲህ ዋት ምን እንደ ሠራ በእውነት ለማወቅ የሚሻ ሰው ማንቈርቈሪያውን ትቶ ስለ ኒውኮመን መኪና መጠየቅ ይገባዋል።

ጄምስ ዋት ጃንዋሪ 19 ቀን 1736 ዓ.ም. ግሪኖክ በምትባል የስኮትላንድ ወደብ ተወለደ። አባቱ መርከብ ሠሪና ነጋዴ ነበር። ልጁ ሕመም የሚደጋግመው ስለ ነበረ ብዙውን ትምህርት ከእናቱ ዘንድ በቤት ተማረ፤ ከአባቱም መሥሪያ ቤት በእጅ መሥራትን ለመደ። እናቱ ከሞተች በኋላ ኑሮው በራሱ እጅ ወደቀ። በ1755 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሄዶ የመለኪያ መሣሪያዎችን አሠራር ተማረ። የሥራው ሕግ ሰባት ዓመት መማርን የሚያዝ ሲኾን እርሱ ግን ጤናው እስኪታወክ ድረስ ደክሞ በአንድ ዓመት ጨረሰ።

ይህ ችኰላው ዋጋ አስከፈለው። ግላስጎ ተመልሶ ሱቅ ለመክፈት ቢያስብ የከተማይቱ የብረት ሠራተኞች ማኅበር ሰባቱን ዓመት አልፈጸምህም ብሎ ከለከለው። የከተማው ማኅበር ሥልጣን በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ውስጥ አይሠራም ነበርና፤ መምህራኑ በ1757 ዓ.ም. እዚያው አንዲት ክፍል ሰጡት። እንዲህ ኾኖ ተማሪ ያልነበረው ወጣት ከታላላቅ ሊቃውንት ጋራ ተጐራበተ። ከእነርሱም አንዱ የኬሚስትሪው መምህር ጆሴፍ ብላክ ነበር።

በ1763 ዓ.ም. ክረምት ዩኒቨርሲቲው ለማስተማሪያ የያዛት ትንሽ የኒውኮመን መኪና ተበላሽታ ለዋት እንዲጠግናት ተሰጠችው። ጠገናት፤ ነገር ግን ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ ብላ እንፋሎቷ እያለቀባት ትቆም ነበር። ሌላ ሠራተኛ ቢኾን መልሶ ሰጥቶ ሒሳቡን በተቀበለ። ዋት ግን ምክንያቱን ሳያውቅ ሊተዋት አልፈቀደም።

ምክንያቱን ለመረዳት የመኪናይቱን አሠራር እንመልከት። ብዙ ሰው እንፋሎቱ ፒስቶኑን የሚገፋው ይመስለዋል። በኒውኮመን መኪና ግን ዋናውን ሥራ የሚሠራው በላያችን ያለው አየር ነው። እንፋሎት ሲሊንደሩን ከሞላ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጭበታል፤ ያን ጊዜ እንፋሎቱ ወደ ውኃ ይመለሳል። ውኃ እንፋሎት ሲኾን ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋልና፣ ተመልሶ ውኃ ሲኾን በስፍራው ባዶነት ይቀራል፤ የውጭው አየርም ፒስቶኑን ቍልቍል ይጫነዋል። ይህን በባዶ ቆርቆሮ መፈተን ይቻላል። ጥቂት ውኃ ጨምረን ብናፈላው፣ እንፋሎቱም አየሩን ካስወጣ በኋላ ከእሳት አንሥተን አፉን ብንደፍነውና ቀዝቃዛ ውኃ ብናፈስበት፣ ማንም ሳይነካው በዐይናችን ፊት ይጨማደዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ኾነች የአየሯ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት ሩብ ያህል ነው፤ የኒውኮመን መኪና እዚያ ቢተከል ኖሮ ከጕልበቱ ሩብ ያህሉን ባጣ ነበር።

ዋት ያገኘው ጕድለት ይህ ነው፤ ያው አንዱ ሲሊንደር በየጊዜው በቀዝቃዛ ውኃ ይበርዳል፣ ወዲያውም በአዲስ እንፋሎት ይሞቃል። ስለዚህ ከሚገባው እንፋሎት አብዛኛው ብረቱን በማሞቅ ብቻ ይባክናል። ዋት በግምት አልረካም፤ መዘነ፣ ለካ። ጥቂት ውኃ እንፋሎት ኾኖ ስድስት እጥፍ የሚኾነውን ቀዝቃዛ ውኃ እስከ መፍላት ሊያደርስ እንደሚችል ባየ ጊዜ ተደንቆ ብላክን ጠየቀው። ብላክም ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሳይግል በውስጡ የሚይዘው ስውር ሙቀት እንዳለ አስረዳው፤ ይህን እርሱ ቀድሞ አግኝቶ ያስተምረው ነበር።

መፍትሔው በ1765 ዓ.ም. በአንድ እሑድ፣ በግላስጎ መስክ ሲንሸራሸር መጣለት። እንፋሎት ወደ ባዶ ስፍራ ይሮጣልና፤ ከሲሊንደሩ ጋራ በቧንቧ የተያያዘ ሌላ ዕቃ ቢኖር፣ ማቀዝቀዙ በዚያ ይኾናል፤ ሲሊንደሩም ዘወትር እንደ ጋለ ይኖራል። ነገሩ ኹሉ ይኸው ነው። የጋለው ለብቻው፣ የቀዘቀዘው ለብቻው። ለእኛ ከኹሉ የሚያስደንቀን ሐሳቡ ከተነገረ በኋላ የዚህን ያህል ቀላል መኾኑ ነው።

ከሐሳቡ እስከ ሥራው ግን 11 ዓመት አለፈ። ሮቡክ የሚባል የብረት ፋብሪካ ባለቤት ገንዘብ ሰጠው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1769 ዓ.ም. አገኘ። ነገር ግን የዚያን ጊዜ አንጥረኞች አየር የማያሳልፍ ሲሊንደር መሥራት አይችሉም ነበር። ዋትም ቤተ ሰቡን ለመመገብ የቦይ ቀያሽ ኾነ። በ1773 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ሲቀይስ ሳለ ሚስቱ ማርጋሬት በወሊድ ሞተች፤ በዚያው ዓመት ሮቡክ ከሰረ። ከዚህ የከፋ ዓመት በሕይወቱ ያለ አይመስለንም። ያዳነው የበርሚንግሃሙ ባለ ፋብሪካ ማቲው ቦልተን ነው፤ የሮቡክን ድርሻ ወስዶ ዋትን ወደ ከተማው አመጣው። በ1774 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ዊልኪንሰን ለመድፍ መብሻ ያበጀው አዲስ መሣሪያ ሲሊንደሩን በትክክል ለመቦርቦር አስቻለ። በ1776 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሥራ ጀመሩ። ዋጋውም ልዩ ነበር፤ ገዢው ከአሮጌው መኪና ይልቅ ካተረፈው የከሰል ዋጋ ሲሶውን ይከፍል ነበር። ከሰል በመርከብ ይመጣላት በነበረችው በኮርንዎል ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ባለ ማዕድኖቹ ግን ኋላ ክፍያው መረራቸው።

ዋት በዚህ አልቆመም። መኪናው ጐማ እንዲያዞር፣ እንፋሎቱም ፒስቶኑን ከሁለቱም ወገን እንዲገፋው አደረገ፤ በ1788 ዓ.ም. ፍጥነትን የሚቈጣጠሩ የሚሽከረከሩ ኳሶች ጨመረበት። ለገዢዎችም የመኪናውን ኃይል ለማስረዳት የፈረስን ጕልበት ለክቶ ሚዛን አደረገው።

ስሕተቱን መደበቅ ግን አይገባንም። የፈጠራ መብቱ በፓርላማ ሕግ እስከ 1800 ዓ.ም. ስለ ተራዘመ ሌሎች መኪና ሠሪዎችን በፍርድ ቤት ከለከላቸው። ከፍተኛ ግፊት ያለውን እንፋሎትም አደገኛ ነው ብሎ ተቃወመ፤ ፍርሀቱ ከንቱ አልነበረም፣ ብዙ ማፍያ ፈንድቶ ሰው ገድሏልና። በሐዲድ ላይ የሚሄደው የእንፋሎት መኪና የተሠራው ግን በዚያው በፈራው እንፋሎት ነው፤ የሠራውም በ1804 ዓ.ም. ሪቻርድ ትሬቪቲክ ነው። እኛ ባቡር የምንለው ቃል ራሱ እንፋሎት ማለት ከኾነው የአውሮፓ ቃል የመጣ ነው።

ዋት በ1800 ዓ.ም. ሥራውን ለልጆቹ ትቶ፣ በበርሚንግሃም አጠገብ በቤቱ ሰገነት ባለች መሥሪያ ክፍል የሐውልት መቅጃ መኪና ሲያበጅ ኖሮ ኦገስት 25 ቀን 1819 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ዐረፈ። በየአምፖሉ ላይ የሚነበበው ዋት የተባለው የኃይል መለኪያ ስሙን ይዞ ቀርቷል። የሰገነቱ ክፍል ዕቃ በ1924 ዓ.ም. ወደ ለንደን የሳይንስ ሙዚየም ተወሰደ፤ ያቺ አስቸጋሪ ትንሽ መኪና ደግሞ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣለች።